አባዬ “ተቃውሞ አለኝ” ብሎ የተነሳ ዕለት

ውድ ሁንዴ፣

ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ ጀምሮ ስትደውል ውለሃል፤ አላነሳሁም። አኩርፌህ እንዳይመስልህ፤ ድምፄ እምቢ ብሎኝ ነው። ስለዚህ ልጻፈው። ምናልባት ስጽፈው እኔም አምነው ይሆናል።

አባዬ ዛሬ ጉባኤው ፊት ተነስቶ ጋብቻችንን ተቃወመ። አዎ፣ የእኔ አባት። አንተን “ልጄ” እያለ የሚጠራህ ሰውዬ።

ስማችን ሲነበብ ዛሬ ሦስተኛው እሑድ ነው። ወንድም ጋሮምሳ እንደ ልማዱ ማስታወቂያውን አንበለበለው፤ የወጣቶች ጸሎት፣ የመዘምራን ልምምድ፣ ከዚያ እኛ። “እህታችን ሶረቲ ደገፋና ለትምህርት ጀርመን አገር የሚገኘው ወንድማችን ሁንዴ በመስከረም በጋብቻ ለመጣመር አስበዋል። ተቃውሞ ያለው ካለ ያሳውቅ።” መቼም ይህን የሚለው ለወጉ ነው። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አንድም ሰው ሲነሳ አላየሁም። ጋሮምሳም መልስ ሳይጠብቅ ወረቀቱን ማጠፍ ጀምሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ አጠገቤ ከተቀመጠችው ከጂቱ ጋር ስለ ሚዜዎቹ ቀሚስ እያንሾካሾክሁ ነበር።

“እኔ አለኝ” የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ክው አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። ስዞር አባዬ ቆሟል፤ እማዬ ልታስቀምጠው የኮቱን ጫፍ ትጎትታለች። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

“ወንድም ጋሮምሳ፣ ‘ለመጣመር አስበዋል’ ያልከው ልክ አይደለም” አለ። “እነዚህ ልጆች ተጋብተዋል። መጋቢት ላይ ሻሸመኔ ፈርመዋል። ቤተ ክርስቲያን ሳታውቅ ሐሰት እንድታውጅ አልፈልግም።” ይህን ብሎ ቁጭ አለ። አንዷ እናት ከኋላዬ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ስትል ሰማሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ ፖስታ ቤት አጠገብ ጁስ የጠጣንበት ቀን ትዝ ይልሃል? ለሰሜስተር እረፍት መጥተህ፣ አቮካዶህን እያማሰልክ፣ አንዱን መንገድ ስታነሳ አንዱን ስትጥል ነበር። በጉብኝት ቪዛ ልሞክር ስልህ “አትመለስም ብለው ይከለክሉሻል” አልከኝ። በእጮኛ ቪዛ ከሆነ ደግሞ እዚያው መጋባት ሊኖርብን ነው፤ አባዬ ሳይመርቀን፣ እማዬ እልል ሳትል። “ሚስት ከሆንሽ ግን ቤት ተከራይቼ፣ ገቢዬን አሳይቼ ላስመጣሽ እችላለሁ” አልክ። እኔም እየሳቅሁ “ታዲያ ሚስትህ ልሁና!” አልኩህ። እንዲህ በቀላሉ ነበር የተወሰነው።

የቸገረን አባዬ ነበር። ለወጣቶቹ ሲያስተምር “ፊርማ ምርቃትን አይቀድምም” ማለቱን ስንት ጊዜ ሰምተነዋል! ስለዚህ ከአዳማ ሸሽተን፣ አንተ መታወቂያ ያወጣህበት ሻሸመኔ ሄድን። አባዬ ድንች ሊያስጭን በየሳምንቱ እዚያ ይወርዳል ብዬ ስፈራ “ድንች የሚጫነው ገበያ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ምን ይሠራል?” ብለህ ሳቅክብኝ። ፎቶአችን እዚያም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ከሥሩ የምንፈርምበት ቀንና ያው ተቃውሞ ያለው ይቅረብ የሚለው ማስታወቂያ። ከዚያ ሁሉ ፎቶ መሀል ማን ያየናል ብለን ነበር።

አባዬ አይቶናል።

ከምሳ በኋላ ነው የነገረኝ። ወዳጁ ቶሌራ የእናቱን የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ አብሮት ሄዶ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው ያየን። “መጀመሪያ ይህቺ ልጅ ሶረቲን ትመስላለች አልኩ” አለኝ። “ከዚያ መነጽሬን አደረግሁ።”

“ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልተቃወምክም?”

“ምን ብዬ? ሁንዴን እወደዋለሁ። የጠየቁት እንዳትጋቡ የሚከለክል ነገር ካለ ብለው ነው፤ የለም። ቶሌራማ ‘ገንጥለው!’ ብሎኝ ነበር።” መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። “የፎቶሽ አንዱ ጥግ ተላቆ ነበር። በአውራ ጣቴ ተጭኜ መልሼ አጣበቅሁት።”

ሁንዴ፣ እስቲ አስበው። እኛ ስንደበቀው እሱ ፎቶአችንን ሲያጣብቅልን!

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት እያለቀስኩ።

“አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ። ማታ ከሥራ ስትገቢ ‘ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?’ ስልሽ ምን መሰለሽ?”

ልማድ መስሎኝ ነበር። እግዜር ያሳይህ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ያ ሰው በየማታው ሲጠይቀኝ፣ እኔ ጫማዬን እያወለቅሁ “ምንም” እያልኩ ወደ ክፍሌ ስገባ! እሱ ደግሞ “እሺ” ብሎ ዜናውን ያያል። ዛሬ ስሜ ሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

አሁን ያለንበትን ልንገርህ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን እስኪያጣሩ ማስታወቂያውን አቁመውታል። ሐሙስ ደግሞ የኤምባሲ ቀጠሮዬ ነው። ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቷል፤ የቤት ኪራይ ውልህ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችን፣ ከስልክ ላይ እየተማርኩ ምላሴን ያጣመምኩበት የጀርመንኛ ፈተና ውጤት ሳይቀር። አባዬም አልከለከለኝም። “ሂጂ፤ ሚስት ወደ ባሏ ትሄዳለች” አለኝ። “እኔ ግን የምመርቀው የነገረኝን ሰው ነው።”

ሕጉ እንደሆነ ምርቃት አይጠይቅም። ኤምባሲውም አባትሽ መርቆሻል ወይ አይለኝም። እኔ ግን ያንን አውራ ጣት እያሰብኩ አውሮፕላን ላይ መውጣት አልችልም፤ ሳልመረቅ አልሄድም። በእኔ በኩል ያለውን ዛሬ እግሩ ሥር ተቀምጬ ነግሬዋለሁ፤ ያንተን ግን ልነግርልህ አልችልም። እስከ ሐሙስ ከእሱ ጋር ካልተነጋገርክ ቀጠሮው ይለፍ። እወድሃለሁ፤ ይህንንም የምልህ እየወደድኩህ ነው።

ስለዚህ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ለእኔ አትደውል። ለእሱ ደውል። ማብራሪያ አታብዛበት፤ ስለ ቪዛ ሕግም አታስተምረው። ሰላምታ ከተለዋወጣችሁ በኋላ፣ አውቀዋለሁ፣ “እሺ ልጄ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?” ይልሃል።

“ምንም” እንዳትለው።

ሚስትህ፣
ሶረቲ ደገፋ
አዳማ