ተገልብጦ የተላከ ማልያ

ውድ አክስቴ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ማሽን ጠጋኙ ነው። አብሮ ፌስታል ይሰጥሻል። ውስጡ ያለው የበረኛው የልምምድ ማልያ ነው፤ ቁጥር አንድ። ጠፋ ብለሽ መደርደሪያውን ስታገላብጪ ሰንብተሽ ከሆነ፣ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሳላስፈቅድ። በሰው ፊት ሌባ ከተባልኩ አይቀር አንድ ነገር ልውሰድ ብዬ ነው።

«ውድ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በመጨረሻ የተውኩት ውሸት ስላልሆነ ነው። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ የተማርኩትም አንቺ በዚያች ላውንደሪ ጎንበስ ቀና ብለሽ ነው። ይህን አልክድም። ያን ማክሰኞ ግን አልረሳልሽም። ሁለቱም አንድ ሆድ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አልተስማሙም።

የእግር ኳስ ቡድኑ መሪ ሻንጣውን ባንኮኒው ላይ ሲዘረግፈው አስታውሺ። ሦስት ደንበኞች ቆመዋል፤ ልብስ ተኳሿ ካውያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች።

«አሽቱት!» አለ። «ስንረከብ አበባ አበባ ይላል። ልጆቹ አሥር ደቂቃ ከሮጡ በኋላ ግን የሞተ አይጥ! ባለፈው አጥቂዎቹ በረኛችንን መጠጋት አቃታቸው።»

«ታዲያ ምን ፈለጉ? ግብ አልገባበት» አለች ተኳሿ ለራሷ፤ ግን ሁሉም ሰማት። አንዱ ደንበኛ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም። ፊትሽ ተለዋውጦ ዙሪያሽን ስታማትሪ፣ እኔን አገኘሽ።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፤ ይቺ ናት! ተማርኩ ብላ ሳሙናውን በማንኪያ እየለካች ታጥባለች። የሚተርፈውን የት እንደምታደርሰው እኔ እንጃ።»

«በሉ የቤት ሌባዎን ይያዙ» አለሽ ሰውየው። «ሁለት ሳምንት እሰጥዎታለሁ። ካልተስተካከለ ላውንደሪ ሞልቷል።»

«አክስቴ፣ እርስዎ ይህን ያምናሉ?» አልኩሽ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ ያልኩሽ ያን ቀን ነው። የማሽኑን በር ከፍተሽ ባዶ ሆዱን ማየት ጀመርሽ። እኔም ሽርጤን አውልቄ መስቀያው ላይ ሰቀልኩና፣ ከባንኮኒው ላይ አንዱን ማልያ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወጣሁ።

ሳሙና አንሶት አይደለም አክስቴ፤ በዝቶበት ነው። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ? ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ስታጥቢው የያዘውን ይለቃል። ይህ የስፖርት ጨርቅ ግን ፕላስቲክ ማለት ነው፤ ውሃ አይወድም፣ ቅባት ይወዳል። የላብን ቅባት ጨምድዶ ይይዛል፤ ሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎችም እዚያው ይቀለባሉ። አንቺ ደግሞ እኔ ለክቼ ዞር ስል መጥተሽ ሦስት ጭልፋ ሳሙና ትጨምሪበታለሽ፤ በላዩ የልብስ ማለስለሻ ትደፊበታለሽ። ማለስለሻው ራሱ ቅባት ነው። ግማቱን ከነነፍሱ ለብጠሽ አበባ ቀባሽው ማለት ነው። ገላ ሲያሞቀው ተመልሶ ይነሣል። ሳስረዳሽ ምን አልሽኝ? «መጥፎ ሽታን በጥሩ ሽታ ነው የሚያባርሩት። እኔ ሃያ ዓመት ያጠብኩት በእጄ ነው፤ አንቺ በመጽሐፍሽ እጠቢ።»

ከወጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ያለሁት አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ዘንድ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ባልዲ፣ መስኮት ላይ የታሰረ ገመድ። ቁጥር አንድን እንደ ጠላት ነው የያዝኩት። መጀመሪያ በንዴት የፈላ ውሃ ደፋሁበት። አንገቱ ተጨማደደ፣ ቁጥሩ ተሰነጠቀ፤ በረኛውን ራሴ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ሽታው ግን ንቅንቅ አላለም። ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ «ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ አንቺ ውጪ» አለችኝ። በማግስቱ በሳሙና ደጋግሜ አሸሁት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። አለቀስኩ። ለማልያ አለቀስኩ፤ እስኪ አስቢው፣ ባለ ዲግሪዋ!

በአራተኛው ቀን ተስፋ ቆርጬ ባዶ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። ሳሙና የለ፣ ምንም የለ። ሳሸው አረፋ ደፈቀ። ውሃውን ቀየርኩት፤ አረፋ። ደግሜ ቀየርኩት፤ አሁንም አረፋ። ስድስት ጊዜ! ሳሙና ሰረቀች በተባልኩበት ማልያ ውስጥ የስንት ወር ሳሙና ተኝቶ ነበር። ጓደኛዬን ጎትቼ አምጥቼ «ምስክር ሁኚልኝ» እያልኩ ባልዲውን አሳየኋት። እሷ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

አረፋው ካለቀ በኋላም ትንሽ ሽታ ቀርቶ ነበር። ያኔ ነው ሰማያዊው ሳፋ ትዝ ያለኝ። ስድስት ዓመቴ ነው፤ ተኝቼ በላዬ እሸና ነበር። ያች ናይለን ቢጃማዬ ሽታ አልለቅ ስትል ትገለብጫትና፣ አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ በጥብጠሽ ትዘፈዝፊያት ነበር። ጎረቤታችን መጥታ «ምነው በየቀኑ የልጅቱን ልብስ?» ስትልሽ፣ ቀና እንኳ ሳትዪ «ሻይ ደፍቼባት ነው» አልሻት። በማግስቱም ሻይ። በሳልስቱም ሻይ። ሴትዮዋ «አንቺማ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ሐኪም ይይሽ» እስክትል ድረስ። እኔ በሩ ጀርባ ቆሜ እሰማ ነበር።

ዘዴውን ታውቂው ነበር አክስቴ። የረሳሽው ትልቁ ማሽን ሲገባ፣ ማለስለሻው በጀሪካን መምጣት ሲጀምር ነው። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ይረሳል። ያቃተኝ ሌላው ነው። ያኔ የእኔን ሽታ በገዛ እጅሽ ላይ አላከክሽ፤ ዛሬ የእጅሽን ሥራ በእኔ አላከክሽ። ለዚያውም ስሜን እንኳ ለማያውቅ ሰው!

ለማንኛውም ማልያውን ገለበጥኩት፤ አቼቶው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት። አለቅልቄ ለብ ባለ ውሃና በአንድ ማንኪያ ሳሙና አጠብኩት፤ ማለስለሻ የሚባል አላስጠጋሁትም፤ ነፋስ ላይ ሰጣሁት። ሲደርቅ ራሴ ለበስኩትና አምስት ፎቅ ደረጃ አሥር ጊዜ ሮጥኩ። የሕንፃው ጠባቂ «ምነው እህቴ፣ ማን እያባረረሽ ነው?» አለኝ። «አክስቴ!» አልኩት። ላቤ ሲንጠባጠብ ጓደኛዬ ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። «ያንቺ ብቻ ነው የሚሸተው፤ በረኛው ወጥቷል» አለች። እንደገና አጥቤ ነው የላክሁልሽ።

አሠራሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ዛሬ ከጀመርሽ የቀሩት ሃያ ሁለቱም ማልያዎች እስከ ማክሰኞ ይደርሳሉ። በረኪና በነካው ሳፋ አቼቶ እንዳትጨምሪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ይህን የምሰጥሽ ለመደራደሪያ አይደለም። ብትናገሪም ባትናገሪም ያንቺ ነው፤ ያቺ ላውንደሪ እንድትዘጋ አልፈልግም። ስሜን ግን እኔ ማጠብ አልችልም። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሰውየው ሲመጣ ባንኮኒው ፊት እቆማለሁ። ተኳሿም ትኑር። «ሳሙና አልሰረቀችም፤ እየጨመርኩ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» በይ። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ለቅሶ የለ፣ ሽማግሌ የለ። ዝም ካልሽ ሽርጤ እዚያው መስቀያው ላይ ይቅር፤ ሁለተኛ አልለብሰውም።

ማልያውን እንደገለበጥኩት ነው የላክሁልሽ። አሁን አታቅኚው። ገላ በሚነካው በኩል፣ ብብቱ ላይ አፍንጫሽን አስጠግተሽ አሽትቺው። ማክሰኞ፣ ከተናገርሽ በኋላ፣ በእጅሽ አቅንተሽ ለሰውየው ስጪው።

ሻይ የደፋሽባት፣
የእህትሽ ልጅ