ከምስክርነትህ በኋላ

ውድ አባዬ፣

የጤናህን ነገር በስልክ ሳነሳብህ ወሬውን ወደ ቡታጅራ ዝናብና ወደ ጣውላ ዋጋ ትወስደዋለህ። ፊት ለፊት ደግሞ እፈራሃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የመርፌውን ነገር እማዬ ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ ጨንቋት ነው። መስከረም ላይ መድረክ ወጥተህ ጌታ ከስኳር ፈወሰኝ ብለህ ስትመሰክር እኔም ከሰው ጋር ሃሌሉያ ብያለሁ። ያን ሰሞን ፊትህም ወዝ ነበረው። ኢንሱሊኑን እንደተውከው ግን ማን ያውቅ ነበር? አሁን ጥማቱ ተመልሶብሃል፣ ሱሪህም ወገብህ ላይ አልቆም ብሏል። እማዬ ክሊኒክ እንሂድ ብላ ስትለምንህ የመለስክላትን ነገረችኝ።

«ሕዝብ ፊት ድኛለሁ ብዬ በምን ፊቴ መርፌ እወጋለሁ? ጌታን አላሰድብም።»

አለቀስኩ አባዬ። ተናደድኩም። መድኃኒቱን ያስተወህ እምነት ቢሆን እሟገትህ ነበር፤ ያስተወህ ግን ይሉኝታ ነው።

ጉብሬ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀምጬ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናውን ታውቃለህ፣ «የሞቱ ሰዎች በሽታ» እያልክ የምትስቅበትን። የዛሬ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ግሪክኛ በሚነገርባቸው አገሮች ሕመምተኞች የሰማዕታት ቤተክርስቲያን ውስጥ እያደሩ ፈውስ ይጠብቁ ነበር። የዳኑት ታሪክ በብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። ሳይድኑ ወደ ቤታቸው የተመለሱትን ብፈልግ ብፈልግ ላገኛቸው አልቻልኩም፣ የጻፈላቸው የለም። ከእነሱ መሀል ድኛለሁ ብሎ ተናግሮ፣ ሕመሙ ሲመለስበት አፍሮ ዝም ያለ አባት እንደነበረ እርግጠኛ ነኝ። ያኔም ቢሆን ሁሉም ክርስቲያን ከሐኪም አልሸሸም። ሐኪም ቀጥረው፣ ጸሎቱም ሕክምናውም በአንድ ግቢ የሚሆንበት የሕሙማን ቤት የሠሩ ጳጳሳት ነበሩ። ይህን መምህሮቼን ለማስደሰት ስጽፈው ከረምኩ፤ ለአንተ ግን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልነገርኩህም።

ደብዳቤውን ነገ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አንብበህ ስትጨርስ ጃኬትህን ልበስ፣ ክሊኒክ እንሄዳለን። ከፈለግህ መጀመሪያ እንጸልያለን፣ እኔም እፈልጋለሁ። ምስክርነትህን ካድ አልልህም። ሰው ከጠየቀህ ልጄ አስገደደችኝ በል። ትምህርት አበላሻት፣ እምነቷን ጣለች ይበሉኝ። ያሳደገችኝ ቤተክርስቲያን ናት፣ ያመኛል፣ ግን እችለዋለሁ። ስም መጥፋቱ ካልቀረ የእኔ ይጥፋ። አንተ ብቻ ኑርልኝ።

ልጅህ ፌቨን