ምልክት የሌለባቸው ሁለት ፖስታዎች

ወንድሜ ሆይ፣

አከራያችን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለኪራዩ ይመጣሉ። ደህናውን ወንበር አቅርብላቸው፣ ሻይም አፍላላቸው፤ ስለ ኪራዩ ግን እኔ እስክመለስ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።

መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ያለው ፖስታ አሥራታችን ነው። እንዳትነካው። ደግሞም ለኪራይ አይበቃም፤ ቆጥሬ አይቼዋለሁ።

ኪራዩን ዛሬ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን የመባ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ።
ቀኑን ሙሉ ቆመህ ፀጉር ስትቆርጥ ያገኘኸውን ድርሻህንም ጭምር።

«ጋሼ፣ ቢያንስ አንዱ ላይ እንጻፍበት፣ ይምታታብናል» ስትለኝ፣ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ነገር ምልክት አያሻውም ብዬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እንዳስተማርኩህ አልዘነጋሁም። አንተም እንዳልዘነጋህ አውቃለሁ።

በስብከቱ መሀል የቀረውን ፖስታ ከፍቼ ሳይ እንደተምታታብኝ ገባኝ። ከስብከቱ በኋላ ስህተቴን ልናገር ብድግ ስል፣ ገንዘብ ያዡ ቀደመኝና «ስሙን ያልገለጸ አንድ ወንድም የቤት ኪራይ የሚያህል ሰጥቶናል!» ብሎ አበሠረ። ምእመናኑ ሁሉ አጨበጨቡ።
እኔም አጨበጨብኩ።

አሁን ወደ ገንዘብ ያዡ ቤት እየሄድኩ ነው። የምናገረውን በመንገድ ላይ እንዳጠና በእግሬ መሄድን መርጫለሁ። አንተም እስክመለስ ድረስ ሣቅህን ጨርሰህ ጠብቀኝ።

በቀረው ፖስታ ላይ በትልልቁ «አሥራት» ብዬ ጽፌበታለሁ።