የሙሚና ሰርግና የከበሮህ አዲስ ቆዳ

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድምጋሼ ጠሃ፣ ካለህበት ካርኮቭ ድረስ የአላህ ሰላም ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ጉሮሮህን ያምህ የነበረው ለቀቀህ? ብርዱ ጋብ አለ ወይስ አሁንም ካፖርት በካፖርት ላይ ትደርባለህ? ትምህርቱስ እንዴት ነው? ቋንቋቸውስ ገባልህ? በላክኸው ፎቶ ላይ ከስተህ ስላየንህ እማዬ ፎቶውን ባየች ቁጥር «ይሄ ልጅ ምን እየበላ ነው?» ትላለች። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንንም። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። እኔም ከልብስ ስፌቱ ቤት ሥራዬ ጋር ደህና ነኝ።

ወንድምጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ! እኅታችን ሙሚና ባለፈው እሑድ ተዳረች። ሙሽራው ጁነዲን ከነወዳጆቹ የቀበሌውን አዳራሽ ሞልቶት ነበር። ነገሩን ግን ከሥሩ ልንገርህ፣ ያንተ ከበሮ ያለበት ጉዳይ ነውና።

ከቀበሌው ኪነት ቡድን ጋር ትመታው የነበረውን ድራም ካንተ በኋላ ቡርሃን ይዞት ነበር። እሱም ናዝሬት ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ዞር ብሎ ያየው የለም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ፈለቀ፣ አሁን የቡድኑ መሪ እሱ ነው፣ ለሙሚና ሰርግ እንጫወታለን ብሎ የተሸፈነበትን ሸራ ሲገልጠው ጉድ ሆነ። በእግር የሚመታውን የትልቁን ከበሮ ቆዳ አይጥ በልቶታል። የመካከለኛው፣ ጣሪያው ሲያፈስበት ከርሞ፣ በስብሶ እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዳል። ከሥሩ ሽቦ ያለው የትንሹ ከበሮ ላይኛው ፕላስቲክ ደግሞ መሃል ለመሃል ተተርትሯል። ፈለቀ አየና «በቃ፣ በቴፕ እናጅባቸዋለን» አለ።

ሙሚና ይህን ስትሰማ ልብስ የምትሞክርበት መስታወት ፊት ቁጭ ብላ አለቀሰች። «አባባ የለ፣ ጠሃ የለ፣ የጠሃ ከበሮ እንኳ አይኑር?» አለች። እንባዋን ሳይ አላስቻለኝም፤ «እኔ ቆዳ አለብሰዋለሁ፣ እኔው እመታዋለሁ» ብዬ አረፍኩት። አንተ ስትለማመድ ከጎንህ ተቀምጬ ጉልበቴን ስመታ አልነበር? ቡርሃንም ሲደክመው ዱላውን ይሰጠኝ ነበር። ያም ሆኖ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔ ራሴ ደነገጥኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት በተክለ ሃይማኖት በኩል ራዲዮና የጊታር ክር የሚሸጠው ሰላሁዲን ዘንድ ነው። ለትንሹ ከበሮ ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ አወጣልኝ፤ አንዱ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ሌላው ነጭና ሸካራ። ተራ በተራ በጣቱ መታ መታ አደረጋቸው። መስታወቱ ድምፁ እየጮኸ ይቆያል፤ ሸካራው ግን ቶሎ ይሰበሰባል። የአዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያ እንዴት እንደሚያስተጋባ ስለማውቅ ሸካራውን መረጥኩ። ቤት ስደርስ ፕላስቲኩ ከከበሮው ተርፎ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል! ለካ በክር የለካሁት ከላይ የሚታሰረውን ብረት ቀለበት ነው፣ የከበሮውን አፍ አይደለም። መልሼ ስወስድለት ሰላሁዲን እስኪደክመው ስቆ «እኅቴ፣ ከበሮ የሚለካው ባርኔጣውን አውልቆ ነው» አለኝና በልኩ ለወጠልኝ።

ለሌሎቹ ግን የሚሆን አልነበረውም። ፈለቀ ሊረዳኝ ብሎ የአጎቱን የደረት ራጅ ይዞ ከተፍ አለ። «ጠንካራ ነው፣ ለመካከለኛው ይሆናል» ብሎ ከበሮው ላይ ሲዘረጋው የሰውየው ጎድን አንድ በአንድ ይታያል። እማዬ ከጓዳ ወጥታ አየችና «አዑዙ ቢላህ! የሰው ደረት እየተደበደበ ልጄ አትዳርም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ራሷ ሳቀች፣ ፈለቀም ሳቀ፣ እኔም ሆዴን ይዤ መሬት ተቀመጥኩ። ሳቋን ስትጨርስ ነጠላዋን አነሳችና «ቆዳ ጠፍቶ ነው? ነይ ተነሺ» አለችኝ።

ወንድምጋሼ፣ እማዬ ወሎ ሳለች በየሰርጉ ድቤ ትመታ እንደነበር እናውቃለን፤ ግን አባባ ከሞተ ወዲህ እጇ ከበሮ ነክቶ አያውቅም። ቆዳ ተራ ስንደርስ ሌላ ሰው ሆነች። እያንዳንዱን ቆዳ ወደ ፀሐይ ዘርግታ ቢላዋ የነካው ቦታ እንዳለ ታያለች፣ በጣቷ ትነካዋለች፣ ታሸታለች። «ይሄ የሙክት ነው፣ ወፍራም ነው፣ ለትልቁ ይሁን። ይቺ የጠቦት ናት፣ ስስ ናት፣ ለመካከለኛው ትሁን፣ ድምጿ ይስቅልናል» አለች። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ ሲለሰልስ ከብረቱ ሥር በሚገባው የእንጨት ቀለበት ላይ ጠቅልለን፣ ከነእርጥበቱ ከበሮው ላይ አስቀመጥነው። የቡሎኑ ቁልፍ ጠፍቶ ስለነበር የምን አለሽ ተራው ጋሼ ኪዳነ ማርያም ከአሮጌ ቧንቧ ቀጥቅጠው ሠሩልኝ። እኔ ቸኩዬ አንዱን ወገን ብቻ ሳጠብቅ ቆዳው ተሸበሸበ። እማዬም «ሸክም ስታስሪ ገመዱን ባንድ ወገን ብቻ ትጎትቻለሽ?» ብላ ፊት ለፊት ያሉትን ቡሎኖች በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ እንዳጠብቅ አደረገችኝ። ከዚያም ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ እስኪደርቅ ተውነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። መቺዋ እኔ መሆኔን ስትሰማ የእማዬ ፊት ተለወጠ። «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?» አለች። በማግስቱ ግን ከአልጋዬ ላይ እሷ የሰፋችው ሰፊ ጥቁር ሱሪ ተቀምጦ አገኘሁ። «ከቀሚስሽ ሥር ልበሺው። ያኔ እንደፈለግሽ ተቀመጪ» አለችኝ። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

የሰርጉ ቀን አዳራሹ ውስጥ መጫወት ጀመርን። አዳራሹ ሲሞቅ፣ ውጪ ካፊያ ጣለና የጠቦቷ ቆዳ ከእርጥበቱ ላላች። ስመታት እንደ ጆንያ «ቦፍ» ትላለች። ፈለቀ ዞሮ አፈጠጠብኝ። እማዬ ከሴቶቹ መካከል ተነሳችና ከበሮዋን ነቅላ ወሰደች። ወጥ ከሚሞቅበት ምድጃ አጠገብ እያዟዟረች አሞቀቻት፤ ጆሮዋን አስጠግታ በጣቷ ሞከረቻት።

መልሳ ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከበሮዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በመዳፏ የወሎን ምት ጀመረች! ፈለቀ ደንግጦ አኮርዲዮኑን አቆመ። እኔ በእግሬ ትልቁን ከበሮ ይዤ ተከተልኳት፣ ትንሹንም ጨመርኩ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሙሚና የሙሽራ ወግ ረስታ፣ ቬሏን በእጇ ሰብስባ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም መሃል ገባች። ጁነዲንም ተከትሏት መጣ፣ ጭፈራ እንደማይችል ያን ዕለት አወቅን። እማዬ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጉልበቷ ያማታል ብዬሃለሁ አይደል? በዚያች ሰዓት ግን ጉልበት እንዳላት ራሱ የረሳች ይመስለኛል።

ይህን ስጽፍ ከጎኔ ሆና እንዲህ ብለሽ ጻፊ ትለኛለች፦ «ልጄ ጠሃ፣ ትምህርትህን ጨርስ፣ ሥጋ ብላ፣ ሚስትህንም ምረጥ። ለሰርግህ ከበሮ መቺ ግን አትፈልግ፣ እኔ አለሁ።»

ሙሚናና ጁነዲን ከአዲሱ ቤታቸው በናፍቆት ይስሙሃል። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋርካብሽ በጸሎቴ አልረሳውም በይልኝ ብለዋል። ፈለቀና ሰላሁዲን፣ ጋሼ ኪዳነ ማርያምም እንዴት ነህ ይሉሃል። አብረውህ ለሚኖሩት ያገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታችንን አድርስልን። እማዬ ጉንጭህን ግራና ቀኝ ትስማለች፤ እኔም ከሷ ቀጥዬ።

እኅትህ ዘኪያ
መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.