ውሃ ያስቀድሙ የነበሩት የመምህርት ሣራ ደሳለው የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሣራ ከአባታቸው ከአቶ ደሳለው ይመርና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋዓለም እሸቴ በ1955 ዓ.ም. በኩታበር ተወለዱ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ደሴ ተምረው በኬሚስትሪ መምህርነት ተመረቁ። በ1981 ዓ.ም. ከአቶ ምንይሉ አምባዬ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጃቸውን ሀሴትን ወለዱ። ቤታቸው ኮምቦልቻ፣ ሥራቸው ደሴ ስለነበር የሐረጎን ዳገት በየቀኑ ይወጡ ይወርዱ ነበር፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ እንኳ ሹፌሩን «ፍጠንልን እንጂ!» የሚሉ ጥድፊያ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ቃለሕይወት አብሬያቸው ስሳፈር ዓይኔን እጨፍን ነበር።

በ1990 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ጠዋት ለተማሪዎቻቸው ሰልፈሪክ አሲድ ሊያቀጥኑ ተዘጋጁ። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ሠሩ፤ የአሲዱ ጥንካሬ አሥራ ስምንት ሞላር ነው፣ የሚፈለገው አንድ ሞላር የሆነ ዘጠኝ መቶ ሚሊ ሊትር ነው፤ ዘጠኝ መቶ ለአሥራ ስምንት ሲካፈል ሃምሳ ሚሊ ሊትር አሲድ፣ የቀረው ውሃ። ስሌቱ አልተሳሳተም። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ ነበርና ቧንቧው ደርቋል። ተማሪዎች በጀሪካን እስኪያመጡ ጊዜ እንዳይባክን ብለው አሲዱን አስቀድመው ቢከር በሚባለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ለኩት። ውሃው ሲደርስም በላዩ አፈሰሱበት። አሲድ ቀስ እየተባለ በውሃ ላይ ይጨመራል እንጂ ውሃ በአሲድ ላይ እንደማይፈስ ያስተማሩት ራሳቸው ነበሩ። ወዲያው ፈላ፣ ተፈናጠረ፤ ከፊት በቆመችው ተማሪያቸው በፈትሂያ ሰይድ ዓይን ውስጥ ገባ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አሲድ ግን ፈሶ አይለቀምም።

በጀሪካኑ የቀረውን ውሃ ዓይኗ ላይ አፈሰሱት፤ አለቀ። ልጅቷ ትጮሃለች፣ ውሃ የለም። እህቴ ጫማቸው ወልቆ እየሮጡ አጥር ከሚያዋስናቸው መስጊድ ገቡ፤ የመስጊዱ ሼህ ሱሌማን ከጁምዓ ሶላት በፊት ለሚታጠቡበት ውዱእ የተቀዳውን ውሃ በሙሉ አሸክመው አስወጡላቸው።

ሐኪም ቤት የፈትሂያ ዓይን ላይ የታሰረው ፋሻ እስኪፈታ ድረስ እህቴ እንቅልፍ አልነበራቸውም። እናቷ ወ/ሮ ረሂማ «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው፤ አንቱ ምን ያርጉ? ዱዓ ያርጉልን» ይሏቸው ነበር። የፈትሂያ ቀኝ ዓይን ዳነ፣ ግራው ብዥ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ሁሉን ፈሩ። ሐረጎ ላይ «ቀስ በል፣ ልጄ» ይሉ ጀመር። ሙሉ ጀሪካን ሳያዩ ቤተ ሙከራ አይገቡም፤ እቤታቸውም ውሃው ሳይጣድ ስኳሩን የነካ ወዮለት። ፈትሂያ ራሷ ኬሚስትሪ ተምራ በዚያው ቤተ ሙከራ ልታስተምር ስትመደብ ደስታቸውን ፍርሃት ቀደመው።

በኩላሊት ሕመም ተይዘው አልጋ ላይ ሲውሉም የፈሩት ለራሳቸው አልነበረም። ፈትሂያ ከሥራ በቀጥታ ልትጠይቃቸው ስትመጣ፣ ከሰላምታ በፊት «ውሃው ቀድሟል?» ይሏታል። «ቀድሟል፣ እትዬ» ስትላቸው ነው ትንፋሻቸው የሚመለሰው።

መምህርት ሣራ ግንቦት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው ሀሴትና እኔ ቀርተናል። ፈትሂያም እዚህ በመካከላችን አለች፤ ዛሬ ጠዋት የቤተ ሙከራውን ጀሪካን ሞልታ ነው ወደ ቀብሩ የመጣችው።

ከሚፈሩት ሁሉ ያሻገራቸው ጌታ ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ ያኑርልን። አሜን።