በልደት ቀን የደረስኩት ለቅሶ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ የሩቢ በር ገርበብ ብሎ አየሁ። ከውስጥ በአንድ ሽማግሌ ፎቶ ፊት ሻማ በርቷል። ወንድሟ ሞቶባታል አልኩ። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሦስት ቀን ከአጠገቤ ያልተለየች ሴት ናት፤ እንዴት ዝም እላታለሁ? ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ምስር ወጥ ይዤ ገባሁና አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

«ማን ሞተብህ?» አለችኝ።

«አንቺን ላጽናና ነው እንጂ የመጣሁት!»

እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሰውዬው እሷ የተወለደችባትን የካሪቢያን ደሴት ከእንግሊዝ ነጻ ያወጣ መሪ ኖሯል። ከሞተ ቆይቷል፤ ዛሬ ልደቱ ነው።

«ተነስ፣ ኬክ ብላ፣ አንተ ግትር!»

«ኔይ! ለለቅሶ መጥቼ ኬክ አልበላም» አልኩ፣ በኖርዌይኛ እንቢ ብዬ።

እልኬን ታውቃለች፤ ከጎኔ ተቀምጣ ታወራኝ ጀመር። የሸንኮራ ቆራጮችን ልጆች በነጻ ያስተማረ እሱ ነው አለች። እናቷ ከእኔም ያነሰ ፊደል የሚያውቁ ነበሩ፤ እሷ ግን ነርስ ሆነች። እሱ ሲሞት እዚህ ኦስሎ ሥራ ላይ ነበረች። መርዶውን በሬዲዮ ሰምታ፣ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፏን ቀጠለች። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም።

«እንግዲያው እግዜር ያጽናሽ» አልኳት።

እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች።