ጠብታ የሚለው ስም

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? አንገትህ ላይ ያለው ቁስል ደረቀልህ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሐኪሙ እንዳለህ ትራሱን ከፍ አድርገህ ነው የምትተኛው ወይስ እንደ ልማድህ አሽቀንጥረህ ጥለኸዋል? እማዬን በስልክ ስጠይቃት “ደኅና ነው፣ ይበላል” ትለኛለች። እሷ የበላ ሰው ሁሉ ደኅና ስለሚመስላት አላመንኳትም። እኔ ደኅና ነኝ። ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለኝ ነገር የለም፤ እሱ ግን ብቻውን የሁሉንም ቦታ ይዞታል።

ደውዬ እንዳላወራህ መመለስ አትችልም፤ መልእክት እንዳልክልህ ስልክህን ዘግተሃል። ባለፈው ስመጣ ደግሞ ክፍልህን ከውስጥ ቆልፈህ፣ አንተ አልጋህ ላይ፣ እኔ ደጅ ሆነን ዋልን። እማዬ ወንበር አምጥታልኝ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ዝናቡና ስለ አውቶቡሱ ወረፋ ለሳንቃው ሳወራ ቆየሁ። ሲመሽ ተነሥቼ ሄድኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው “አይዞሽ ልጄ” ሲሉኝ መንገዱን ጨረስነው። ወረቀት ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው። ወረቀት በበር ሥር ያልፋል።

እማዬ ያደረሰችኝን ቃልህን ሰምቻለሁ። አዲስ አልበም ልናወጣ መሆኑን ስትሰማ፣ “ስሜን ከዚያ ላይ አውርዱ” ብለህ ጽፈህ አሳየሃት፤ እሷም እያለቀሰች አነበበችልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መልሱን ልነግርህ ነው። ግን ከመጀመሪያው አልነግርህም። የሆነውን ሳትሰማ መልሱን ብቻ ይዘህ ፊትህን ወደ ግድግዳ እንድታዞር አልፈልግም። ደግሞም ታውቀኛለህ፣ ነገር ማሳጠር አልችልበትም።

ስሙ የአንተ መሆኑን የሚክድ የለም። ሮክ እንጫወታለን ብለን አራታችን የተሰበሰብንባት ያች የመጀመሪያዋ ክፍል ጣራዋ ታፈስ ነበር። ባልዲው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ሰማህና “በቃ፣ ባንዳችን ጠብታ ይባላል” አልክ። ቆይቶ ሰዉ አንተኑ ጠብታ ይልህ ጀመር። በመንገድ እናትና አባታችን ባወጡልህ ስም ስትጠራ የማትዞረው ልጅ፣ “ጠብታ” ሲባል ካለህበት ትዞር ነበር።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ድምፅህ መሻከር ሲጀምር “ይኸው አሁን ገና ሮከር ሆንክ” ተባባልን፤ አንተም አብረኸን ሳቅህ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ሕይወትህን ሰጥተውን ድምፅህን ወሰዱ። እኔ በልውውጡ ተስማምቻለሁ። አንተ ግን እስካሁን የተስማማህ አይመስለኝም።

አንተ ወደ ቤት ከሄድክ በኋላ መጀመሪያ የተሰበሰብን ዕለት የሆነው ነገር ያሳፍርም ያስቅም ነበር። አሁን የምንለማመደው ከበሮ መቺያችን ጎሚስታው ከሚሠራበት ጎማ ቤት ጀርባ፣ አሮጌ ጎማ በሚደረደርበት መጋዘን ውስጥ ነው። ጎሚስታው በትሮቹን አጋጭቶ እስከ አራት ቆጠረ። ማንም አልገባም። ደግሞ ቆጠረ። ጊታር መቺያችን መምህሩ ጣቶቹን ሊድ ጊታሩ ላይ እንዳደረገ ባዶውን ማይክ ያያል፤ እኔም ቤዝ ጊታሬን አንግቼ እንደዚያው። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ቁጥር ሰምተን ጀምረን አናውቅም። አንተ ማይኩ ሥር ቆመህ በአፍንጫህ ረጅም ትንፋሽ ስትስብ፣ በዚያች ነበር የምንገባው። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ አንተም የምታውቀው አይመስለኝም። ያን ቀን አንድ ዘፈን እንኳ ሳንጀምር ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን።

ጎሚስታው በኋላ መላ ዘየደ። አሮጌ ቸርኬ፣ ጎማው የወለቀለት የመኪና እግር ብረት፣ ከከበሮው አጠገብ ሰቀለና በጎማ መፍቻው አንዴ ሲመታው እንገባለን። የሞተ የሚቀሰቅስ ድምፅ ነው። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሾፌር ሁሉ “ምን ተሰበረ?” እያለ አንገቱን ያስገባል።

በቸርኬ እየተቀሰቀስን የድሮዎቹን ዘፈኖች ሞከርናቸው። ሁሉም ስለ መለየት፣ ስለ ጨለማ፣ ስለ መቃብር እንደነበሩ ታውቃለህ። ያኔ ጥርሳችንን እንኳ አሞን አያውቅም ነበር። አሁን ግን መሀል ላይ ስደርስ ቤዙን መምታቱን አቆምኩ፤ መምህሩም መጫወቱን ተወ። ጎሚስታው በትሮቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ “ሲደላን ስናለቅስ ኖርን። አሁን እቤታችን በነፃ የምናለቅሰው ይበቃናል፣ እዚህ ሌላ ነገር እንሞክር” አለ። በሕይወቱ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከከንቱ ቀልድ በቀር ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው እንዲህ ያለው።

መምህሩ ተማሪዎቹ ፈተና ሲፈተኑ እሱ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ግጥም መጻፍ ጀመረ። ከሁሉ የምወደው አንድ ስንኝ “ቀስ ብለን እንነሣለን፣ እግራችን እስኪለምድ” የሚለው ነው። ስለ ማን እንደጻፈው ስጠይቀው “ስለ ጉልበቴ ሕመም” አለኝ። ውሸቱን ነው።

የሚዘፍን ሰው ፈልገን ነበር። አንድ ወጣት መጣ፣ ልክ እንደ አንተ ነው የሚዘፍነው፤ ያ ቀጭኑ፣ ላይ ወጥቶ የሚሰነጠቀው ነገር እንኳ አልቀረውም። ሲጨርስ ጎሚስታው ወጥቶ የማንም ያልሆነ ጎማ ይነፋ ጀመር። ድምፅህን በሌላ ሰው አፍ መስማት አንተን በቁምህ መቅበር ሆነብን። ልጁን አመስግነን ሸኘነው። ያኔ ነው መምህሩ “ከእሱ ጋር ጨርሶ የማይመሳሰል ሰው ነው የሚያስፈልገን” ብሎ እኔን ያየኝ።

ይህ ጎርናና ድምፄ እቤት ውስጥ ስንት እንዳሣቀ አትረሳውም። ልጅ ሆኜ ስልክ ሳነሣ ሰዉ አባባ እየመሰልኩት የቤት ኪራይ ጉዳይ ያዋየኝ አልነበር? አንተም “አባወራዋ” ስትለኝ አድገናል። የአንተን ዜማ በአንተ ከፍታ ስሞክረው ጅራቷን የተረገጠች ድመት ሆንኩ። መምህሩ የጊታሩን ክር አላላው፤ አልደረስኩም። ደግሞ አላላው። ክሩ እስኪንቀጫቀጭ ወረድን፤ ከዚያ ወፋፍራም ክር ገዛን። ዘፈኑ ከፎቅ ወርዶ ምድር ቤት ገባ። አሁን ቤዙን ስመታ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብሎኖች ይዘላሉ። ይህን ያህል ከባድ ሙዚቃ ተጫውተን አናውቅም ወንድም ዓለም። የሚገርመው፣ ድምፁ በከበደ ቁጥር ቃሉን ለመናገር ደፈርን። “እንነሣለን” የሚለውን በቀጭን ድምፅ ብንለው ማንም ባላመነን፤ እኛም ራሳችንን ባላመንን።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርህ። ደስ ብሎኛል። ማይኩ ሥር ስቆም ደስ ይለኛል፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ ያው ደስታ አንጀቴን ይበላዋል። የአንተ ድምፅ ባይዘጋ ኖሮ የእኔ አይከፈትም ነበር። ይህን ምን ብዬ ልጥራው? በምሠራበት ላውንደሪ ቤት ቆሜ ልብስ ስተኩስ እውልና ሳላስበው እንባዬ ሸሚዙ ላይ ይወርዳል። አለቃዬ “አንቺስ ውሃ መርጫም አላስፈለገሽ” ብላ ታሾፍብኛለች፤ ግን ልቧ ደግ ነውና ቶሎ ብላ ሌላ ሥራ ትሰጠኛለች። ደስ ያለኝን ነገር መጀመሪያ የምነግረው ለአንተ ነበር። ይህንን ለአንተ መንገር አንተን መውጋት ሲሆን፣ ለማን ልንገር?

አልበሙን የቀዳንበት ስቱዲዮ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ቸርኬውን ተሸክመን ስንገባ ድምፅ ቀራጩ ጥገና የመጣን መስሎት ነበር። ሁለቱን ዘፈኖች በሰላም ቀዳን። ሦስተኛው ላይ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማይኩ ሥር ቆምኩና፣ ሳላስበው በአፍንጫዬ ረጅም ትንፋሽ ሳብኩ። ጎሚስታው መፍቻውን ገና ማንሣቱ ነበር። ሳይመታው ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ገባን።

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወትነው። ሲያልቅ ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ቀራጩ በመስታወቱ ማዶ ሆኖ “ምን ሆናችሁ? በጣም ጥሩ ነበር እኮ” ይለናል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶን ክር የሚያስተካክል መሰለ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ትንፋሹን አጥፉልኝ ብዬ ለመንኩ። ጎሚስታው “ከፈለጋችሁ ዘፈኑን አጥፉት፣ እሱን እንዳትነኩ” አለ። ስለዚህ እዚያው አለ። ከአንተ ሰርቄው አይደለም። አንድ አልጋ ላይ እግርና ራስ ሆነን ተኝተን ላደግን፣ ሌላ ዓይነት ትንፋሽ ከየት ላምጣ?

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ቃልህ የደረሰን። አሳታሚው ጠብታ የሚለው ካልተጻፈበት ዞር ብሎ የሚያየው የለም አለን። ልክ ነው። መምህሩም “ስሙ የአራታችን ነው፣ ጣራው በአራታችንም ላይ አፍስሷል” አለ። እሱም ልክ ነው። እኔ ደግሞ በጣም ተናደድኩብህ። እኛስ ዕድሜያችንን አልሰጠነውም ወይ አልኩ። ሰሞኑን አኩርፌህ ነበር፤ የተኮረፈው ሰው ሳያውቅ ማኩረፍ እንዴት ያደክማል መሰለህ። ጎሚስታው ግን “ድምፁን የወሰደበት በሽታው ነው፤ ስሙን የምንወስድበት እኛ ልንሆን ነው?” አለና ወደ ጎማው ተመለሰ።

ያን ቀን ከካውያው ፊት ቆሜ ሳስበው ዋልኩ። ሰዉ ጠብታ ብሎ የሚጠራው አንተን ነው። እኔ ያን ስም ይዤ መድረክ ላይ ስወጣ፣ አንተ በሕይወት ተቀምጠህ ቦታህ የሟች ቦታ ሊሆን ነው። ይህንን ነው ለእማዬ የጻፍክላት፤ እኛ ነን ዘግይተን የገባን። ለመምህሩም እንዲሁ ነገርኩት፤ “ይሁን” አለኝ።

መልሱ ይኸውልህ። ስምህን አውርደነዋል። ሽፋኑ ላይ “ቸርኬ” ተብሎ ታትሟል። አሳታሚው ፊቱን አጨፍግጎ፣ ይህ የመለዋወጫ ሱቅ ነው ወይስ ባንድ ነው ብሎ ጠየቀን። ላይሸጥልን ይችላል፤ ያኔም ጎሚስታው ጎማውን ይለጥፋል፣ መምህሩ ያስተምራል፣ እኔም ሸሚዜን እተኩሳለሁ። መዝፈኑን ግን አልተውም። ይህን በግልጽ ልንገርህ። እሱንም ተዪ ብትለኝ አልሰማህም፤ ልቤ እየደማ እዘፍነዋለሁ እንጂ አልተውም።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ እኔ በሌለሁበት እንዳታለቅስ አደራ፣ በስልክ ስታለቅስ መያዣ የለኝም። የአባባን ጉልበት ስሜያለሁ፤ የጀርባውን መድኃኒት በሰዓቱ ይውሰድ። ለአክስታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትቀምመውን ነገር አንገትህ ላይ እንዳትቀባህ አደራ። ለጎረቤታችን ለጡረተኛው ሾፌርም እንዲሁ፤ ዳማ ሊያጫውቱህ ሲመጡ አትመልሳቸው፣ ሽማግሌ ደጅ መቆም አይወድም። መምህሩም ጎሚስታውም እጅ ነሥተዋል።

የመጪው ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ነኝ። እንድታወራኝ አልጠይቅህም፤ አልበሙንም ይዤ አልመጣም። ስምህ ይኸው እጅህ ገብቷል። አሁን ደግሞ አንተ ወንድሜን መልስልኝ።

ታናሽ እህትህ

ከጎማ ቤቱ ጀርባ
ኅዳር 12 ቀን